ከቆቃ እስከ አምፑላችን፤ የኤሌክትሪክ ታሪክና አሠራር በአዳማ አካባቢ



«ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። የአዋሽ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ፥ ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ፥ ከባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚያበቃ ወንዝ ነው። በመንገዱም ላይ ከአዳማ ከተማ ብዙ ሳይርቅ በቆቃ ማደሪያ ተሠርቶለታል። ዛሬ የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ስናከብር፥ አዳራሹን የሚያደምቁት አምፑሎች ብርሃናቸውን ከየት እንደሚያገኙ፥ ይህም ኃይል ወደ አካባቢያችን በምን መንገድ እንደ መጣ በአጭሩ ለመጻፍ አስቤአለሁ። ታሪኩ የውጭውን ዓለምና የእኛን አገር የሚያገናኝ ስለ ሆነ፥ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አድርጌአቸዋለሁ።

የአያቴ ጥያቄ

ያደግሁት ከቆቃ ብዙ በማይርቅ የገጠር መንደር ነው። በመንደራችን አጠገብ ረጃጅም የብረት ምሰሶዎች በተርታ ቆመው፥ ወፋፍራም ሽቦዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ተዘርግተው ያልፋሉ። እኛ ግን ማታ ማታ ከሽቦዎቹ ሥር ተቀምጠን የምናጠናው በኩራዝ ነበር። ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ የኩራዙ ጢስ አፍንጫችንን አጥቁሮት ስለሚያድር፥ ማን እንዳጠናና ማን እንዳላጠና መምህራችን ፊታችንን አይተው ያውቁ ነበር።

አያቴን በኦሮምኛ «አኮ» እያልን እንጠራቸዋለን። አንድ ማታ በደጅ ተቀምጠን ሳለን አኮ ወደ ላይ ተመልክተው፥ «ልጄ፥ አንተ ትምህርት ቤት የምትውል ነህና ንገረኝ። ይህ ገመድ መብራት ተሸክሞ በራሳችን ላይ ሲያልፍ፥ ለእኛ ጠብ የማይልልን ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ያን ጊዜ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁና የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። እንዲያውም ረጅም ሽቦ ወርውሬ በገመዱ ላይ ባንጠለጥል ብርሃኑ ወደ ቤታችን የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ይህን ሐሳቤን ሳልፈጽመው መቅረቴ እጅግ መልካም ሆነ። ፈጽሜው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለማንበብ ባልበቃችሁም ነበር። ምክንያቱን ወደ ፊት እገልጻለሁ፤ አስቀድሞ ግን ስለ ነገሩ መሠረት መናገር ያስፈልጋል።

መመለሻ ያለው መንገድ

መሠረቱን የተማርሁት በዘጠነኛ ክፍል ነው። የፊዚክስ መምህራችን ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የባትሪ ድንጋይ፥ አንዲት ትንሽ አምፑልና አንድ ቁራጭ ሽቦ ሰጥተው «አብሩ» አሉን። እኛም የሽቦውን አንዱን ጫፍ ከድንጋዩ ራስ፥ ሌላውን ጫፍ ከአምፑሏ ሥር አገናኝተን ብንጠብቅ ምንም የለም። ድንጋዩ አልቋል ብለን ለወጥነው፤ አምፑሏ ተቃጥላለች ብለን እርስዋንም ለወጥናት፤ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ሆነ። በመጨረሻ መምህራችን፥ «መሄጃውን ሰጣችሁት፤ መመለሻውንስ?» አሉና ሁለተኛ ሽቦ ጨመሩልን። እርሱን ከአምፑሏ አንገት ወደ ድንጋዩ ታች ብናገናኘው ወዲያው በራች።

ይህ መሄጃና መመለሻ ያለው መንገድ የኤሌክትሪክ ዑደት ወይም ሰርኪት ይባላል። በመዳብ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉ። የባትሪው ድንጋይ እነርሱን አይፈጥራቸውም፤ በሽቦው ውስጥ ያሉትን ይገፋቸዋል እንጂ። ከአንዱ ጫፍ የተገፉት በሌላው ጫፍ ካልተመለሱ ግን መንገዱ ይቆማል። በግድግዳችን ላይ ያለው ማብሪያና ማጥፊያም ሥራው ይኸው ነው፤ ስናጠፋ መንገዱን ይቆርጠዋል፥ ስናበራ መልሶ ይገጥመዋል።

ነገሩን በውሃ መስለን ብንመለከተው ይቀለናል። ውሃ ከከፍታ ሲወርድ ግፊት እንዳለው፥ ኤሌክትሪክም ግፊት አለው፤ ይህ ቮልቴጅ ይባላል፤ የሚለካውም በቮልት ነው። በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው ብዛት ከረንት ይባላል፤ የሚለካው በአምፔር ነው። ቦዩ ጠባብ ወይም ድንጋያማ ሲሆን ውሃውን እንደሚያዘገየው ሁሉ፥ ቀጭን ወይም ረጅም ሽቦም ፍሰቱን ይቋቋማል፤ ይህ ሬዚስታንስ ይባላል፤ የሚለካውም በኦም ነው። የጀርመኑ መምህር ጌኦርግ ኦም በ1827 እነዚህ ሦስቱ እንዴት እንደሚዛመዱ ገለጸ፤ ይኸውም ግፊቱ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል ፍሰቱ ይገኛል።

ለምሳሌ ሁለት የባትሪ ድንጋዮች በተርታ ሲቀጠሉ ግፊታቸው 3 ቮልት ይሆናል። አምፑሏ 10 ኦም ብትሆን፥ 3 ለ10 ሲካፈል የሚያልፈው ፍሰት 0.3 አምፔር ነው። ግፊቱን በፍሰቱ ብናባዛው 0.9 ዋት ይሆናል፤ ዋት ማለት በየሴኮንዱ የሚሠራው ሥራ መጠን ነው።

አምፑሎቹ ሁለት ሲሆኑ ደግሞ አቀጣጠሉ በሁለት ዓይነት ነው። አንዱን ከሌላው ኋላ ብናስከትለው፥ ያው አንድ ፍሰት በሁለቱም ውስጥ ማለፍ ስላለበት ሬዚስታንሱ 20 ኦም፥ ፍሰቱም 0.15 አምፔር ይሆናል፤ ሁለቱም ይፈዝዛሉ፤ አንዱ ቢቃጠልም ሌላው አብሮ ይጠፋል። ይህ የተከታታይ አቀጣጠል ነው። ለየራሳቸው መሄጃና መመለሻ ብንሰጣቸው ግን ሁለቱም በሙሉ ኃይላቸው ይበራሉ፤ አንዱ ቢጠፋም ሌላው አይጠፋም። ይህ የትይዩ አቀጣጠል ይባላል። በወንጂ የአገዳ እርሻ ከአንድ ትልቅ ቦይ ብዙ ትንንሽ ቦዮች ወጥተው እያንዳንዱን እርሻ ለብቻው እንደሚያጠጡ፥ የቤታችን መብራትም በዚሁ መንገድ ይከፋፈላል።

ነገር ግን ቅርንጫፍ በተጨመረ ቁጥር በዋናው ሽቦ የሚያልፈው ፍሰት ይበዛል። በቤታችን ግፊቱ 220 ቮልት ነው። ባለ 60 ዋት አምፑል ከ0.3 አምፔር ያነሰ ፍሰት ብቻ ይወስዳል፤ 3,300 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ግን 15 አምፔር ይፈልጋል። ቀጭን ሽቦ ይህን ያህል ሲሸከም ይግላል፤ ቤትም እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ስለዚህ ፊውዝ የሚባል ቀጭን ሽቦ አስቀድሞ ቀልጦ መንገዱን እንዲቆርጥ ተደርጎ ይገባል። ፊውዝ ሲቃጠል በወፍራም ሽቦ የሚተካ ሰው፥ የጮኸውን ዘበኛ አፉን እንደሚያስር ሰው ነው።

ከኢጣሊያ ላቦራቶሪ እስከ አዲስ አበባ

የመጀመሪያውን ባትሪ በ1800 ለዓለም ያስታወቀው የኢጣሊያው ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ ነው፤ ቮልት የሚለው ስምም ለእርሱ መታሰቢያ የወጣ ነው። ባትሪ ግን ያልቃል። ያለ ባትሪ ፍሰት ማግኘት የሚቻልበትን መንገድ በ1831 ያገኘው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ነው። ፋራዴይ የደሀ አንጥረኛ ልጅ ነበር፤ በልጅነቱም በመጽሐፍ ጠራዥ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ፥ እንዲጠርዛቸው የተሰጡትን መጻሕፍት እያነበበ ተማረ። እርሱ ያገኘው ነገር ይህ ነው፤ ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል። ማግኔቱ ቆሞ ሲቀር ፍሰቱም ይቆማል።

በዓለም ላይ የሚሠሩት ታላላቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አብዛኞቹ የቆሙት በዚህ በአንዱ ግኝት ላይ ነው። ማግኔቱን ወይም ጥቅሉን ያለ ዕረፍት የሚያሽከረክር ኃይል ከተገኘ ኤሌክትሪክ ይገኛል፤ የሚያሽከረክረው እንፋሎት ቢሆን፥ ነፋስ ቢሆን፥ ወይም ውሃ ቢሆን ልዩነት የለውም። በ1882 ቶማስ ኤዲሰን በኒው ዮርክ ከአንድ ማመንጫ ለብዙ ቤቶች መብራት ማደል ጀመረ።

ወደ አገራችን ኤሌክትሪክ የገባው ብዙ ሳይዘገይ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያም የበራው በቤተ መንግሥቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ። የእርሱ ኃይል ግን ከ7 ሺህ ኪሎ ዋት አይበልጥም ነበር። የአዳማን ከተማ ያሳደጋት በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር ነው። በአጠገቧም በ1954 በሆላንዱ ኩባንያ በኤች. ቪ. ኤ. አማካይነት የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ባቡርና ፋብሪካ ባሉበት አገር ሕዝብ ይበዛል፤ ሕዝብ ሲበዛም ኃይል ይፈለጋል። ሆኖም አዋሽ ከከተማይቱ አጠገብ ኃይሉን እንደ ያዘ በከንቱ ያልፍ ነበር።

የቆቃ ግድብ

የቆቃ ታሪክ ከጦርነት ይጀምራል። በ1935 የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገራችንን ወረረ፤ እስከ 1941ም ብዙ ሕዝብ አለቀ፥ ብዙ ንብረት ጠፋ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነ። አከፋፈሉ ግን ብዙ ክርክር አስነሣና ሁለቱ መንግሥታት የተስማሙት በ1956 ነው። ከዚያ የካሳ ገንዘብ ከፍ ያለው ክፍል ለቆቃ ግድብ ሥራ ዋለ። በዚያው በ1956 የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ።

ግድቡ ተፈጽሞ በ1960 ሥራ ጀመረ። ከፍታው ከ40 ሜትር በላይ ነው፤ ሦስት ተርባይኖች አሉት፤ እያንዳንዱም 14,400 ኪሎ ዋት፥ በጠቅላላው 43,200 ኪሎ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። ይህም ባለ 60 ዋት አምፑሎችን 720 ሺህ ያህል በአንድ ጊዜ ለማብራት የሚበቃ ነው። ከአባ ሳሙኤል ጋር ሲመዛዘን እርምጃው ምን ያህል እንደ ነበረ አንባቢ ራሱ ሊፈርድ ይችላል። በፋሺስት ጦር የፈሰሰው ደም በገንዘብ የሚተመን አይደለም፤ ነገር ግን ለጥፋት ካሳ የተከፈለው ገንዘብ ለብርሃን መዋሉ የሚያስመሰግን ነው።

ይሁን እንጂ እውነተኛ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አንዱን ወገን ብቻ አይጽፍም። ከግድቡ በስተጀርባ ውሃው ተኝቶ ሰፊ ሐይቅ ሆነ፤ ገሊላም ተባለ። ከሐይቁ ሥር የቀረው ምድር ባዶ አልነበረም። ጅሌ የሚባሉት ኦሮሞዎች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት መስክ ነበርና ውሃው ሲሞላ ቦታቸውን ለቀው ተነሡ። የኃይሉ ትልቁ ክፍል ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። መሬቱን የሰጠውና መብራቱን ያገኘው ሰው አንድ አልነበረም ማለት ነው። የአኮ ጥያቄ የአንዲት አሮጊት ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት ይህን ታሪክ ካወቅሁ በኋላ ነው።

ሽቦው ስለ ምን ዝም ብሎ ያልፋል?

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ከቆቃ ወደ አዲስ አበባ የተዘረጋው መሥመር ግፊቱ 132 ሺህ ቮልት ነው። ይህን ያህል ግፊት ለምን አስፈለገ? መልሱ በሽቦው ሙቀት ላይ ነው። የቆቃ 43,200 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት ይላክ ቢባል፥ በቀላል ሒሳብ ፍሰቱ 196 ሺህ አምፔር ያህል ይሆናል። ይህን የሚሸከም ሽቦ የለም፤ ቢኖርም ኃይሉ በመንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ግፊቱ 600 ጊዜ ከፍ ብሎ 132 ሺህ ቮልት ሲሆን ግን፥ ፍሰቱ 600 ጊዜ ቀንሶ 327 አምፔር ያህል ብቻ ይሆናል። ደግሞም በሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት ከፍሰቱ ካሬ ጋር የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ፍሰቱ 600 ጊዜ ሲቀንስ ብክነቱ በዚያው ሽቦ 360 ሺህ ጊዜ ይቀንሳል። ግፊቱን ከፍ የሚያደርገውና መልሶ ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ ትራንስፎርመር ነው፤ እርሱም ከፋራዴይ ግኝት የተወለደ ነው።

ስለዚህ በራሳችን ላይ የሚያልፈው ሽቦ ለአምፑል የሚሆን ኤሌክትሪክ ገና አልያዘም። ከመንደር ለመድረስ ግፊቱ በጣቢያ ዝቅ ማለት፥ ከዚያ በእንጨት ወይም በሲሚንቶ ምሰሶ መጓዝ፥ በመንደሩም ባለው ትራንስፎርመር እስከ 220 ቮልት መውረድ አለበት። በልጅነቴ እንዳሰብሁት ሽቦ ወርውሬ ቢሆን ኖሮስ? በከተማ መንገድ ዳር ወፎች በአንድ ሽቦ ላይ ተቀምጠው ምንም አይሆኑም፤ ምክንያቱም በአካላቸው በኩል የሚሄድና የሚመለስ መንገድ የለም። በምድር ላይ የቆመ ሰው ግን ራሱ መመለሻ ይሆናል፤ ፍሰቱ በአካሉ አልፎ ወደ መሬት ይገባል። 132 ሺህ ቮልት ደግሞ ሳይነኩት እንኳ በአየር ዘሎ ሊገድል ይችላል። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ወላጆች ለልጆቻቸው ይህን አንድ ነገር ቢነግሩልኝ ድካሜ ከንቱ አይሆንም።

ይህን ሁሉ ለአኮ ስነግራቸው የአምፔሩን ሒሳብ ትቼ፥ «አኮ፥ ጓሮ ለማጠጣት የአዋሽን ሙላት በአንድ ጊዜ ብንለቀው ጓሮውን ይዞት ይሄዳል። ቀስ አድርጎ የሚያወርድ ቦይ ያስፈልጋል» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲያው የጎደለን ቦዩ ነው እንጂ ውሃው አይደለም» አሉ። እኔ በብዙ ገጽ የጻፍሁትን እርሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት።

ከቆቃ ወዲህ

ከቆቃ በታች በዚያው ወንዝ ላይ አዋሽ ሁለተኛ በ1966፥ አዋሽ ሦስተኛ ደግሞ በ1971 ተሠሩ፤ የእያንዳንዳቸው ኃይል 32 ሺህ ኪሎ ዋት ነው። ልብ በሉ፤ ቆቃን ያሽከረከረው ውሃ አያልቅም፤ ወርዶ ሁለተኛውን፥ ከዚያም ሦስተኛውን ያሽከረክራል። የሚሰጠው ከፍታውን ነው እንጂ ራሱን አይደለም። ኤሌክትሮንም እንዲሁ በአምፑል ውስጥ አያልቅም፤ ግፊቱን ሰጥቶ ይመለሳል።

በስምጥ ሸለቆ ያለው ኃይል ግን የውሃ ብቻ አይደለም። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ባለው በአሉቶ ተራራ ከምድር ውስጥ በሚወጣው እንፋሎት የሚሠራ ጣቢያ በ1998 ተቋቋመ። በአዳማ ኮረብታዎች ላይ በ2012 የነፋስ ማመንጫዎች ተተክለው 51 ሺህ ኪሎ ዋት፥ በ2015ም 102 ሌሎች ተጨምረው 153 ሺህ ኪሎ ዋት የማመንጨት ችሎታ ተገኘ። ድሮ አቧራውን ብቻ እያነሣ ያስቸግረን የነበረው የአዳማ ነፋስ ዛሬ ከቆቃ የሚበልጥ ኃይል ያለው ሆኖ ተገኝቷል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡርም የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። በ2025 ደግሞ 5,150 ሺህ ኪሎ ዋት ያለው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ ይህም ከቆቃ መቶ እጥፍ በላይ ነው። ማደሪያ የለውም የተባለው ዓባይም ማደሪያ አገኘ።

ቆቃ ግን እያረጀ ነው። ከደጋው በዝናብ እየታጠበ የሚወርደው አፈር በሐይቁ ውስጥ እየተኛ የውሃውን ቦታ ይዞበታል። በላይ ባለው አገር ዛፍ ሲቆረጥና ተዳፋት ያለ እርከን ሲታረስ፥ ጉዳቱ የሚደርሰው በዚያ ባለው ገበሬ ላይ ብቻ አይደለም። ለመብራት የሚጓጓ የከተማ ሰው በደጋ ስላለው እርሻ ሊያስብ ይገባዋል፤ ሁለቱ በአንድ መሥመር ላይ ናቸውና።

መደምደሚያ

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በመንደራችን ትራንስፎርመር ተተከለ። መብራት በገባ ማታ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ደጅ ወጥተው የእያንዳንዱን ቤት መስኮት ይመለከቱ ነበር። አኮ ከአምፑሉ ሥር ተቀምጠው እጆቻቸውን እያገላበጡ ካዩ በኋላ፥ «በዚህ ብርሃን ብፈትል ኖሮ ዓይኔ ባልደከመ» አሉ። ኩራዙን ግን አልጣሉትም። መብራት በጠፋ ማታ ከመደርደሪያው ላይ ያወርዱታል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ ከዚህ ታሪክ የተማርሁት ይህ ነው። መሄጃ ብቻ ያለው ሽቦ አምፑል አያበራም። ከአገር የወሰዱትን ለአገር የማይመልሱበት ትምህርትም እንደዚያው ነው። ወላጆቻችን ለትምህርታችን ከብት ሸጠዋል፤ መምህራኖቻችን ደክመውልናል። ከእኛ መካከል ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ብዙ ነው፤ መሄዱ መልካም ነው። ነገር ግን ዛሬም ከታላላቅ ሽቦዎች ሥር በኩራዝ የሚያጠኑ ልጆች አሉ። እነርሱ የጎደላቸው ውሃው ሳይሆን ቦዩ ነው፤ ቦዩንም መቆፈር የእኛ የተማሪዎቹ ተራ ነው።